«ተመርቷል» ያልኩበት ደብዳቤ እና የቦዩ ክርን

ከማዘጋጃ ቤቱ ቴክኒክ ክፍል በጡረታ ስሰናበት ያስረከብኩት ንብረት ብዙ አልነበረም። አንድ የፕላን ቁም ሣጥን፣ ሁለት የብረት ሜትር፣ እግሩ የላላ የሥዕል ጠረጴዛ። ከቁም ሣጥኑ ሥር አንዲት የዛገች ጣሳ ወጣች። በንብረት መዝገቡ ላይ የለችምና ተረካቢው መሐንዲስ ግራ ገብቶት «ይህችንስ ምን ብዬ ልመዝግባት?» አለኝ። «እሷ የኔ ናት» ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት።

መሐንዲሱ ጥንቁቅ ሰው ነው፤ ፊርማውን ከማኖሩ በፊት ፕላኖቹን አንድ በአንድ ዘርግቶ አያቸው። በምሥራቅ በኩል ከኮረብታው ሥር ያለው የመኖሪያ ሰፈር ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ወይዘሮ ማርታ፣ ይህ የጎርፍ ቦይ ቀጥ ብሎ መጥቶ እዚህ ጋ ለምን እንደ ክርን ይታጠፋል? ምን አግኝቶት ነው? በአዲሱ ፕላን ላቃናው አስቤ ነበር።»

ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ። ያንን ክርን ያጠፍኩት እኔ ነኝ። ለምን እንደታጠፈ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እኔም ሳልጠየቅ የምናገረው ታሪክ አልነበረም። ለእሱ የነገርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ሥራ የጀመርኩት ሞጆ ነው፤ የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ነው ተብሎ ከታወጀ ብዙም ሳይቆይ። ታይፒስት ነበርኩ። አለቃዬ ማኅተሙን ለማንም አላምንም ብሎ በኪሱ ይዞት ምሳ የሚሄድ ሰው ስለነበር ኮቱ ላይ ሁልጊዜ ክብ የወይን ጠጅ ቀለም አይጠፋም። ደመወዜ ለቤት ኪራይና ለጤፍ ይበቃ ነበር፤ ስለ ደመወዝ ይህን ካልኩ ይበቃል። ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ የእጅ ጽሑፌን አይተው ናዝሬት ለፕላን ነዳፊነት አዛወሩኝ። ያኔ አዳማን ናዝሬት ነበር የምንላት።

ፕላን የምንነድፈው በስስ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም ነው። የተሳሳተ መስመር በምላጭ ጫፍ ይፋቃል። አለዝቦ የፋቀ ወረቀቱን ያድናል፤ የቸኮለ ይበሳዋል። በስድስት ወር ውስጥ ወረቀት ሳልበሳ መፋቅ ቻልኩ። ወረቀት ላይ የሚገኝ ስህተት ሁሉ እንዲህ በምላጭ የሚለቅ መስሎኝ ነበር።

ሙያውን ያስተማረኝ ቀያሹ ጋሽ ጉተማ ነው። ከንጉሡ ጊዜ ጀምሮ መሣሪያ ተሸክሞ የዞረ፣ ረጅም፣ ባርኔጣውን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ካልሆነ የማያወልቅ ሰው ነበር። ሁለት ልማዶች ነበሩት። አንደኛው ጣሳዋ ናት። በመሣሪያ ለክቶ፣ ቁጥሩን ጽፎ፣ ችካሉን ካስመታ በኋላ ያቺን ጣሳ ውኃ ሞልቶ ችካሉ ሥር ያፈሳታል። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ያያል። በአጠገቡ የሚያልፍ ሽማግሌ ካገኘ ደግሞ «ቢሻን ኩን ኤሳን ደርባ?» ይለዋል፤ ይህ ውኃ በየት ነው የሚያልፈው ማለቱ ነው። ናዝሬት ዙሪያዋን ኮረብታ ነው። ክረምት ሲገባ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ መንገድ ካልተሠራለት በሰው ቤት ያልፋል። ጋሽ ጉተማ የመሣሪያው ቁጥርና የጣሳዋ ውኃ ካልተስማሙ እንደገና ይለካ ነበር።

ሁለተኛው ልማዱ ያስቀን ነበር። ከክፍላችን የሚወጣ ማንኛውም ደብዳቤ ማኅተም ከመመታቱ በፊት በሩ ላይ ለሚቀመጡት ዘበኛ ለጋሽ ቱፋ ይነበብላቸዋል። ጋሽ ቱፋ ፊደል አልቆጠሩም። ጋሽ ጉተማ ደብዳቤውን ጮክ ብሎ አንብቦ ሲጨርስ «ምን አልኩ?» ይላቸዋል። እሳቸው የገባቸውን ይናገራሉ። ያሰበውንና እሳቸው የሰሙትን ያመዛዝንና ወይ ያስመታዋል ወይ ይቀደዋል። እኛ ወጣቶቹ ከኋላው እንስቅ ነበር።

በዚያ ዘመን የመኖሪያ ሰፈር የሚወጣው እንዲህ ነው። የቤት ሥራ ማኅበር ይደራጃል፤ ቦታ ይጠይቃል። ቴክኒክ ክፍሉ መንገዱን፣ የውኃ መስመሩን፣ የጎርፍ ቦዩን ይነድፋል። የከተማው ምክር ቤት ያጸድቃል። ከጸደቀ በኋላ መስመሩ ላይ ቤት የሠራ ሰው ቢገኝ አፍርስ ብሎ የሚያዘው የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ነው። ዳኞቹ ነዋሪው የመረጣቸው ተራ ሰዎች ናቸው።

ከኮረብታው ሥር አባላቱ አስቀድመው ቤት ሠርተው ለገቡበት ለአንድ የሠራተኞች ማኅበር ሰፈር የጎርፍ ቦይ እየነደፍን ሳለ ጋሽ ጉተማ ለወራት ሥራ ወደ ዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ ወደምንላት ከተማ ተላከ። ታይፒስቷም ወልዳ ቤቷ ነበረች። መንደፉም መጻፉም በእኔ ላይ ወደቀ። የጎርፍ ቦዩ ያልፍበታል ብለን ከሰፈሩ ዳር አንድ ቁራጭ ቦታ ትተን ነበር። እሷን ቁራጭ ነው ወይዘሮ አስካለ የጠየቁት። በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት የሚሠሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሦስት ልጆች ያሏቸው ሴት ናቸው። ለመኖሪያ ቤት ይሰጠኝ ብለው አመለከቱ። የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ ማመልከቻው ጫፍ ላይ አንድ መስመር ጽፎ ወደ እኛ ሰደደው። እኔ ጉዳዩ ክፍላችን መድረሱን ላሳውቃቸው ብዬ እንዲህ መታሁ፦

«ጉዳዩ፦ የቤት መሥሪያ ቦታ። ከላይ የተጠቀሰው በጠየቁት መሠረት በቴክኒክ ክፍል በኩል እንዲፈጸም ተመርቷል።»

በቢሮ ቋንቋ ማመልከቻ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ሲተላለፍ «ተመራ» ይባላል። በከተማው ሰው አፍ ግን ቦታ ተመራ ማለት ተሰጠ፣ ችካል ተተከለ፣ ቤት ልትሠራ ነው ማለት ነው። ሁለቱንም አውቃለሁ። እናቴም ጎረቤቶቼም ሁለተኛውን ነው የሚሉት። ግን ቢሮ ስገባ የቢሮ ጆሮ አበጅቼ ነበር። ጋሽ ጉተማ ስላልነበረ ለጋሽ ቱፋ አላነበብኩም። አስመታሁና ሰደድኩት።

የቀበሌው ሰዎች ደብዳቤውን አይተው ወይዘሮ አስካለን «እንኳን ደስ ያለሽ» አሏቸው። ከሁለት ወር በኋላ በቦዩ ቦታ ላይ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ቆመ። እኔ ቦታውን ሄጄ ሳላይ የቦዩን ፕላን ለምክር ቤቱ ነደፍኩ፤ ቁራጯ ላይ በሚያምረው ጽሑፌ «ባዶ ቦታ» ብዬ ጻፍኩ። ምክር ቤቱ አጸደቀው። ቆፋሪዎቹ ከላይ ጀምረው እየወረዱ ቤቱ ጓሮ ደረሱ።

ወይዘሮ አስካለ ደብዳቤውን በላስቲክ ጠቅልለው ቢሮዬ መጡ። «ልጄ፣ ይህን የጻፈልኝን ሰው እግዜር ይስጠው፤ ከነልጆቼ ከኪራይ አወጣኝ። አሁን ደግሞ ሕገ ወጥ ነሽ፣ አፍርሺ ይሉኛል። ማን ነው እንዲህ የሚለው? አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ንገሪኝ።»

ደብዳቤውን አነበብኩት። ግርጌው ላይ የኔ የስም ምልክት አለ። «ኃላፊው ሲመለስ ይምጡ» አልኳቸው። እንደወጡ ቅጂውን ከፋይል አወጣሁና በሩ ላይ ሄጄ ለጋሽ ቱፋ አነበብኩላቸው።

«ምን አልኩ ጋሽ ቱፋ?»

«ቦታው ለሴትዮዋ ተሰጠ አልሽ እንጂ! ደግ አደረጋችሁ» አሉኝ።

እዚያ ጋ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ያኔ የቢሮ ስህተት ስህተት ተብሎ የሚቀር አልነበረም፤ «አሻጥር» የምትባል ቃል ነበረች፣ የተለጠፈችበትን ሰው ይዛ የምትሄድ። በዚያ ላይ አባቴ የተዘጋች የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። እሑድ እሑድ ቤታችን ውስጥ ድምፃችንን ቀንሰን እንደምንዘምር የሚያውቁ ጎረቤቶች አሉ። ፈራሁ። ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት የቀበሌ ጠባቂዎች ሄደው የወይዘሮ አስካለን ማድ ቤት አፈረሱ፤ ዋናው ቤት የሸንጎውን ትእዛዝ ይጠብቅ ተባለ። ማድ ቤቱ የፈረሰው «ተመርቷል» በምትለው ቃል አይደለም፤ በዝምታዬ ነው። ያቺ ቃል በችኮላ የወጣች ናት፤ ዝም ያልኩት ግን አውቄ ነው። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው።

ጋሽ ጉተማ ከዝዋይ ሲመለስ አቧራውን ሳያራግፍ ሁሉንም ነገርኩት። አለቀስኩም። አላባበለኝም።

«ለቱፋ አንብበሽለት ነበር?»

«የለም ጋሼ።»

ባርኔጣውን አስተካከለ። «እንግዲያው ለሸንጎው አንብቢዋ፣ ኢንታላ ኮ» አለኝ። ልጄ ማለት ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። «ብቻሽን አትሄጂም።»

የፍርድ ሸንጎው የተቀመጠው በቀበሌው አዳራሽ ነው። ሰብሳቢው አቶ ሙዘይን የሚባሉ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከሱቃቸው ቀጥታ መጥተው ሜትሩ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። አዳራሹ ሞልቷል። ወይዘሮ አስካለ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። መጀመሪያ የማዘጋጃ ቤቱ ነገረ ፈጅ ተነሣ።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ የቦዩ ፕላን በከተማው ምክር ቤት የጸደቀ ነው። ይህ ሸንጎ የጸደቀ ፕላን የመለወጥ ሥልጣን የለውም። ቤቱ እንዲፈርስ እንዲታዘዝልን።»

«ልክ ብለሃል ጓድ፣ የለንም» አሉ አቶ ሙዘይን። «ይፍረስ ብሎ የሚያዘውስ ማን ነው?»

«ይኸው ሸንጎ ነው።»

«እሱ ሥልጣን አለን?»

«አላችሁ።»

«እንግዲያው ያለንን ሥልጣን በእጃችን እንያዝና ቀስ ብለን እንስማ።»

ጋሽ ጉተማ በክርኑ ነካኝ። ተነሣሁ። ደብዳቤውን ከወይዘሮ አስካለ እጅ ተቀብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩት። የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ማመልከቻው ክፍላችን ደርሷል ለማለት እንደሆነ፣ ፕላኑ ላይም ቦታውን ሳላይ «ባዶ» ያልኩት እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። ወይዘሮ አስካለ ቀና ብለው አዩኝ። ያንን አስተያየት አልረሳውም። ከኋላ አንድ ሰው «ይሄ አሻጥር ነው! የጴንጤ ሥራ ነው!» ብሎ ጮኸ።

አቶ ሙዘይን እጃቸውን ዘረጉ። «ዝም በሉ፤ እኔ ልጠይቅ። ‹በጠየቁት መሠረት ተመርቷል› የሚል ደብዳቤ ቢደርሳችሁ፣ ቦታው ተሰጠኝ የምትሉ እጃችሁን አንሡ።»

አዳራሹ በሙሉ እጁን አነሣ። የጮኸውም ሰው አነሣ። ነገረ ፈጁ እጁን እስከ ግንባሩ አደረሰና ፀጉሩን ያከከ መሰለ። ሰው ሳቀ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ።

«እንግዲህ ሴትዮዋ ያጠፉት ነገር የለም። ይህችም ልጅ ስህተቷን ራሷ አምጥታልናለች፤ አሻጥረኛ ተደብቆ ነው የሚሠራው» አሉ አቶ ሙዘይን። ከዚያ ከሁለቱ ዳኞች ጋር ተንሾካሹከው ውሳኔውን አስጻፉ፦ «ሸንጎው ቦዩ ይጠምዘዝ ብሎ ምክር ቤቱን ማዘዝ አይችልም። ነገር ግን ምክር ቤቱ ያጸደቀው ቦታው ባዶ ነው ስለተባለ ነው። ሰው እንዳለበት ይነገረውና እንደገና ይየው። እስከዚያ ይህን ቤት የሚነካ ሰው ለሸንጎው መልስ ይሰጣል። ቴክኒክ ክፍሉ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሌላ መስመር ካለ ያቅርብ።»

ሦስት ሳምንት አጭር ነው። መሣሪያውን ተሸክመን ኮረብታው ሥር ከረምን። ውኃ እንዲወርድ ተዳፋት ያስፈልገዋል፤ ቤቱን አልፎ ለመዞር ደግሞ መስመሩ ስለሚረዝም ተዳፋቱ ይቀንሳል። በሦስተኛው ሙከራ አንድ መስመር ተገኘ። ሆኖም በስድስት የማኅበሩ አባላት ጓሮ ጫፍ ያልፋል፤ ከየግቢያቸው ሁለት ሁለት ክንድ መልቀቅ አለባቸው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ከስድስቱ አንዱ ነው።

«ግቢዬ በጸደቀ ፕላን የተመራልኝ ነው» አለ። ያቺው የኔ ቃል ናት። «አንድ ክንድ አልለቅም።»

ጋሽ ጉተማ አልተከራከረውም። ጣሳዋን ሞልቶ በጓሮው አጥር በኩል አፈሰሳት። ውኃው መሬቱን እየላሰ ወርዶ ወርዶ የሰውዬው ደጃፍ ላይ ቆመ። «ባለፈው ክረምት እንዴት ነበራችሁ?» አለው።

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር። «እንዴት ነበራችሁ ይባላል እንዴ! ፍራሽ ተሸክመን ቆመን ነው ያደርነው» አለች። «ቦዩ በጓሮ ካለፈ ይህን ውኃ ይወስድልናል?»

«አጥርሽ ጋ ይቀበለዋል።»

«ስጥ እንጂ ታዲያ፣ አንተ ሰውዬ! ሁለት ክንድ መሬት ልትበላው ነው?»

ሰጠ። ሌሎቹ አምስቱም ሰጡ።

ምክር ቤቱ ፊት ፕላኑን ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ጋሽ ጉተማ «በራስሽ አፍ ንገሪያቸው» ብሎ ከኋላ ተቀመጠ። አጸደቁት፤ ነገር ግን በቅድመ ሁኔታ ነው። ቦዩ በመጀመሪያው ክረምት ይፈተናል። ከክርኑ ላይ ውኃ ከፈሰሰ ወደ ቀጥታው መስመር ይመለሳል፣ ቤቱም ይነሣል፣ ቴክኒክ ክፍሉም ይጠየቃል። ወይዘሮ አስካለ ይህን ሰምተው በአጠገቤ አልፈው ወጡ። ከሸንጎው ቀን ጀምሮ ለእኔ ሰላምታ መልሰውልኝ አያውቁም።

የማኅበሩ አባላት እሑድ እሑድ እየወጡ ቆፈሩ። ጋሽ ጉተማ ክርኑን ሰፋ አድርጎ አዞረው፤ በኃይል የሚመጣ ውኃ ድንገት ሲታጠፍ ስለሚዘል ነው። በውጭው በኩል ያለው ግንብ ከውስጡ በሁለት ረድፍ ድንጋይ ከፍ ይበል አለ። ግንበኛው «ድንጋይ ማባከን ነው» ብሎ አጉረመረመ። ጋሽ ጉተማ የመጨረሻውን ድንጋይ ራሱ አስቀመጠው።

ሐምሌ በካፊያ አለፈ። ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኮረብታው ጠቆረ። ቢሮውን ጥለን ሮጥን። ስንደርስ ወይዘሮ አስካለ ከደጃቸው ላስቲክ ለብሰው ቆመዋል፤ ልጆቹን ጎረቤት ልከዋቸዋል። ሊቀ መንበሩም ጓሮው ውስጥ ነበር። ውኃው ከላይ ቡናማ ሆኖ፣ ጉቶና ድንጋይ እያላጋ መጣ። ክርኑ ላይ ሲደርስ የውጭውን ግንብ ወጣው። የመጀመሪያውን ተጨማሪ ረድፍ ዋጠ። ሁለተኛውን ረድፍ ነካ፤ ግማሹን ሸፈነው። ጸሎቴን ድምፄን ሳልቀንስ ጮክ ብዬ ጸለይኩ፤ ማንም ይስማኝ ብዬ። ውኃው እዚያው ግማሽ ድንጋይ ላይ ቆየና ዞሮ ቁልቁል ሄደ።

«አለፈ?» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

«አለፈ» አልኩ።

ተጠግተው አጠገቤ ቆሙ። «ደብዳቤውን የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ ቦዩን ያጠፍሽውም አንቺ ነሽ። አንዱ ባንዱ ይቻቻል» አሉኝና እጄን ጨበጡኝ። «እንግዲህ ማድ ቤቴን ልሥራ።» በሚቀጥለው እሑድ ጭቃውን ያቦኩት የስድስቱ ግቢ ሰዎች ናቸው፤ እኔም ጫማዬን አውልቄ ገብቼበታለሁ።

ከዚያ በኋላ ዝዋይም ሠርቻለሁ፤ ተመልሼም መጥቻለሁ። ሸንጎው ቀረ፣ ሊቀ መናብርት ተለዋወጡ፣ ናዝሬት አዳማ ተባለች። ጋሽ ጉተማ ጡረታ ሲወጣ ጣሳዋን ሰጠኝ። እኔም ጡረታ እስክወጣ ድረስ ለበር ጠባቂ ሳላነብ ደብዳቤ አላስመታሁም፤ ወጣቶቹ ከኋላዬ ሲስቁ እሰማለሁ፤ ደስ ይለኛል። ወይዘሮ አስካለ አርፈዋል። በዚያ ቤት ዛሬ የሚኖሩት ልጃቸውና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው።

መሐንዲሱ እስከ መጨረሻው ሳያቋርጠኝ ሰማ። ከዚያ እርሳስ አነሣ። «አላቃናውም» አለ። «ግን እኔም አንድ ቀን ከዚህ እሄዳለሁ፤ የሚቀጥለው ሰው እንዳያቃናው ምን ብዬ ልጻፍበት?»

አሰብኩና ነገርኩት። ክርኑ አጠገብ፣ ያኔ «ባዶ ቦታ» ያልኩባት ነጥብ ላይ፣ «እዚህ ሰው ይኖራል» ብሎ ጻፈ። ሊያጥፈው ሲል እጁን ያዝኩት። ፕላኑን ይዘን ወደ በሩ ሄድን። የጥበቃ ሠራተኛዋ ከወንበሯ ተነሣች። መሐንዲሱ ትንሽ አፍሮ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበላት።

«ምን አልኩ?» አላት።

«አትንኩት አላችሁ» አለች።

እኔም የርክክቡን ወረቀት ተቀብዬ ፈረምኩ።